የሽሮፑ ሁለት ደብተሮች

ዋናው ዶክተር በምርምር ማዕከሉ የውስጥ ደረጃ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሞተው የተገኙት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ቀኝ እጃቸው የኪስ ባትሪ ጨብጧል። ባትሪው በርቷል፤ የደረጃው አምፖልም በርቷል።

መርማሪው ሁለቱን መብራቶች ደጋግሞ አያቸው። አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም፤ መስኮት የሌለውን ደረጃ አራት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። ባልደረቦቹ «ምናልባት» ይሉታል፤ ያየውን እንኳ ሳይጠራጠር አያምንምና። ማብሪያ ማጥፊያው ላይኛው ፎቅ፣ የእንቅስቃሴ ክፍሉ በር አጠገብ ነው። ሌላ የለም።

ማዕከሉ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሕፃናት የሚታዩበት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ሽሮፕ ሲሞከርባቸው ቆይቷል። የእንቅስቃሴያቸው ውጤት ላይኛው ፎቅ በአንድ ደብተር፣ የመስማታቸው ውጤት ምድር ቤት በሌላ ደብተር ይጻፋል። ተስፋም ፍርሃትም ቁጥሩን እንዳያዛባ፣ የላዩ የታቹን፣ የታቹ የላዩን ደብተር ማየት ክልክል ነው። ሁለቱንም የሚያነቡት ዋናው ዶክተር ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት ጠዋት ሦስቱን ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው፣ ሽሮፑ እንዲቆም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብዳቤ እንደሚፈርሙ ነገሯቸው። ምክንያቱን ቢጠየቁ «ከፈረምኩ በኋላ» ብለው ወጡ።

ምክትሉ የሁለት ዓመት ልፋቱ ውሃ ሊበላው እንደነበር ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ በሩን ዘጋ አደረገና ዶክተር መጠጥ ሳይጀምሩ እንዳልቀሩ አከለ፤ ከቅርብ ወራት ወዲህ ግድግዳ እየተደገፉ ነበር የሚሄዱት። ምድር ቤት ያለችው የመስማት ባለሙያም ያንኑ በሹክሹክታ ደገመች፤ ልጆች ስላሏቸው እንዳይጻፍባቸው ለመነችው። ሲወድቁ ሰምታ እንደሆነ ጠየቃት።

«የኔ ክፍል ድምፅ አያስገባም» አለች። «ቤቱ ቢፈርስ የምሰማው ከጋዜጣ ነው።»

የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ መርማሪው ወንበር እስኪይዝ እንኳ አልጠበቀችም።

«የግራ ጉልበትዎ የቆየ ጉዳት አለበት» አለችው። «ደረጃ አያብዙ።»

ከበሩ የተራመደው አምስት እርምጃ ነበር። ጉዳቱ የሃያ ዓመት ነው፤ ሚስቱም አታውቀው።

ስለ ልጆቹ ስታወራ ፊቷ ፈካ። ማንኪያ መያዝ ያቅተው የነበረው አሁን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። በደብተሩ አሥራ አራት ቁጥር የተባለችው የሟች እህቷ ልጅ ናት፤ እሷና እናቷ ናቸው የሚያሳድጓት። ስለ ዶክተር ስትጠየቅ ግን አጠር አደረገችው።

«አረማመዳቸው እንደማንኛውም ሰው ነበር። ምንም አላየሁባቸውም።»

ደብተሯን ገለጠ። ከሕፃናቱ ቁመት መሀል በእጇ የተጻፈ፣ የሕፃን ቁጥር የሌለው አንድ መስመር አገኘ፦ ቁመት 1.82፤ ዐይን ተከፍቶ መቆም፣ ሠላሳ ሰከንድ፤ ዐይን ተጨፍኖ፣ ሁለት። ደብተሩን መለሰላት።

በማግስቱ ሦስቱንም የመስማት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። በሩ ሲዘጋ ዝምታው ጆሮ ላይ ይጫናል፤ ምክትሉ አሥር ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአስከሬን ሐኪሙ ጠብታ አልኮል አላገኘም» ብሎ ጀመረ መርማሪው፣ እየተንጎራደደ። «መሳቢያቸው ውስጥ ግን ሽሮፑን አግኝቻለሁ፤ ራሳቸው የጠጡባቸው ቀኖችም ተመዝግበዋል። ስድስት ወር። ውስጠኛው ጆሮ ከመስማት ሌላ ሚዛንም ይጠብቃል፤ ሽሮፑ የሳቸውን ገድሎት ነበር። የሚቆሙት በዐይናቸው ነው። ባትሪውን የያዙትም ለዚያ ነበር፤ ካበሩት፣ ሲወድቁ ደረጃው ጨለማ ነበር ማለት ነው፤ ማብራታቸው ግን ዘግይቷል። አምፖሉ ግን በርቶ ተገኘ። አንድ ሰው መሀል ደረጃ ላይ አጥፍቶባቸው፣ ከወደቁ በኋላ መልሶ አብርቶታል።»

ዞሮ ወደ ሦስቱ ተመለሰ።

«እኔና እናንተ መብራት ቢጠፋብን ቆመን እንሳደባለን። ጨለማ እንደሚጥላቸው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያስበው። ሁለታችሁ ሰክረዋል ብላችኋል፤ አላወቃችሁም። አንቺ ግን ምንም አላየሁም አልሽ። በአምስት እርምጃ ጉልበቴን ያየሽ ሴትዮ፣ በስድስት ወር የሳቸውን መንገዳገድ ሳታይ ቀረሽ? አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት የሚረዝም ሕፃንስ የት አለ?»

የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«የአቋቋሜን ሚዛን ፈትሺልኝ፣ ለማንም አትንገሪ አሉኝ። እርጅና መስሎኝ ነበር» አለች። «እግራቸው ቢሰበር፣ ደብዳቤው አንድ ወር ቢዘገይ ብዬ ነው። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቆ በእጇ የያዘች ሰሞን ሽሮፑን ሊነጥቋት?»

መርማሪው ሁለቱን ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የላይኛው ቁጥር ወር በወር ይወጣል፤ የታችኛው ወር በወር ይወርዳል።

የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አወረደችና አንዱ ላይ አቆመችው።

«አሥራ አራት» አለች፣ ወደ መስማት ባለሙያዋ ዞራ። «የት ደርሳለች?»

«ቀኝ ጆሮዋ መስማት አቁሟል። በግራው ትንሽ ቀርቷታል» አለች ሴትዮዋ፣ ዐይኗን ሳታነሳ። «የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ቁጥር ብቻ ነው።»

«ስጠራት ዝም ስትለኝ ጨዋታ ይዟት ይመስለኝ ነበር።»

ሰዓቷን አየች። የአሥር ሰዓቱ ሽሮፕ ሊሰጥ ሩብ ጉዳይ ነበር። ስልክ ጠየቀች፤ መርማሪው ከክፍሉ አወጣትና የራሱን ሰጣት። እናቷ ወዲያው አነሱ።

«እማዬ፣ ሽሮፑን አትስጫት።»

ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ ለመርማሪውም ይሰማ ነበር። ምን ሆነሽ ነው፣ ዛሬ እኮ ሾርባዋን ራሷ ጠጣች፣ ካቆምን እጇ መልሶ ይንቀጠቀጣል ይላል።

ግድግዳውን በመዳፏ ተደገፈች።

«አውቃለሁ እማዬ» አለች። «ድፊው።»