በዓይንና በአፍንጫ መካከል

የሳንቃ ቀኝ እጅ እስከ ክርኑ ድረስ የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል።

ብልቃጧ ከውሃ ሳህኑ ሥር ናት። እዚያ ያስቀመጠችለት ዶቃ ናት፤ ለቤተ ሙከራው ሰዎች የእባብ ሳጥን የምታጸዳ ሴት፣ ለሳንቃ ግን ብቸኛዋ የምስጢር ባልደረባ። ብልቃጧ የያዘችው እዚሁ የተቀመመ መርዝ ነው። በእሱ የተመረዙ ሰዎች ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ መርዙን ካላዩ ማርከሻውን መሥራት አይችሉም።

«ፍጠን እንጂ» አለች ዶቃ ከኋላው። «ዘበኞቹ እየመጡ ነው።»

ሳህኑን የከበበችው ጥቁር እባብ መርዝ የላትም። ሳንቃ የእባብ ጠባቂ መስሎ እዚህ ከገባ ጀምሮ በባዶ እጁ የሚያነሳው እሷን ብቻ ነው። ሌላ የሚያጫውተው ስለሌለ ለእሷ ያወራላታል። ዶቃም «ሚስት ካላገባህ ከዚህች ጋር ማርጀትህ ነው» እያለች ትስቅበታለች።

ቀጥሎ ያለው ሳጥን የኮብራው ነው። እሱም ጥቁር ነው፤ ርዝመቱም ውፍረቱም ከእሷ አይለይም። አንገቱን ካልነፋ በቀር ሌሎቹ ጠባቂዎች የሚለዩአቸው ሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ስም ነው። ሳንቃ ግን ጭንቅላታቸውን ያያል። መርዝ የሌላት እባብ በዓይኗና በአፍንጫዋ መካከል አንዲት ትርፍ ቅርፊት አለቻት። ኮብራ ያቺ ቅርፊት የለችውም።

እባቡ ጭንቅላቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ።

ቅርፊቷ የለችም።

ሳንቃ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ።

«የእባብ መንጠቆውን አቀብይኝ፣ እትዬ።»

ዶቃ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች።

«እትዬ።»

አቀበለችው። ኮብራውን ወደ ጥግ ገፋ፤ ብልቃጧን አነሳ፤ ክዳኑን ዘጋ።

«የቀያየርሻቸው አንቺ ነሽ።»

«ልጄን ይዘውብኛል።» እጇ የያዘችውን ጨርቅ ይጠመዝዛል። «ሰላይ መሆንህን ደርሰውበታል። እባብ ነደፈው ይባል አሉኝ። ስለ ብልቃጧ ግን ትንፍሽ አላልኩም።»

«ነይ፣ አብረን እንውጣ።»

«ልጄን ትቼ ወዴት?»

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። መውጫው አንድ ነው።

ሳንቃ ብልቃጧን ካልሲው ውስጥ ከተተ። «ኮብራ» የሚል ስም የተለጠፈበትን ሳጥን ከፈተ። መጀመሪያ ጭንቅላቷን አየ።

ቅርፊቷ አለች።

ክንዱ ላይ ጠመጠማት። በሩ ተከፈተ።

ትልቁ ዘበኛ ሽጉጡን አነሳ፤ ግን አልተኮሰም። ጥይት የገባበት ሬሳ እባብ ነደፈው አይባልም። ዓይኑን ክፍት ከሆነው ሳጥን ወደ ዶቃ መለሰ።

«አንቺ፣ ይኼ የትኛው ነው?»

ዶቃ እባቧን አየች። ከዚያ ሳንቃን አየች። አንድ ቃል ብትናገር ልጇ ቤቱ ይገባል።

«ኮብራው ነው» አለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ያዩት እባቡን ራሱን ነው። ትልቁ ከግድግዳው ጋር ተለጠፈ። ሌላኛው «ኧረ በናትህ ወደዚያ ያዝልኝ» እያለ መንገድ ለቀቀ። ሳንቃ ሳይሮጥ አለፈ። ወደ ኋላ አላየም።

ብልቃጧን ወንዙ ዳር የተቀበለው የስለላ አለቃው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር።

«ዛሬውኑ ሐኪሞቹ እጅ ትገባለች» አለ።

«ዶቃስ? ልጇስ?»

«ዶቃ የሚባል ሰው አናውቅም። ከአሁን ወዲህ ሳንቃ የሚባልም የለም።»

መኪናው ሄደ።

እባቧን ከካፖርቱ ሥር አውጥቶ ወንዙ ዳር ሳሩ ላይ አኖራት። መስታወት እንጂ ሳር አታውቅም። ጥቂት ተሳበችና ተመልሳ ጫማው አጠገብ ተጠቀለለች።

«ሂጂ እንጂ» አላት።

አልሄደችም። ጎንበስ ብሎ እናቱ ያወጣችለትን ስም ነገራት። ከአፉ ከወጣ ዓመታት ስላለፉት ለጆሮው እንግዳ ሆነበት።

ከዚያ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጣ፤ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።