ልል ክር እንዳታደርግበት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ደብል ቤዜን፣ ያን ከሰው የሚረዝም ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባው አስተኝቼ ክር መቀየር ጀመርኩ።

የግራ እጄ ጅማት ተጎድቷል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል፤ «ወይ ልል ክር፣ ወይ ሙዚቃ በቃህ!» ልል ክር ሲጫኑት አይታገልም፤ ጣት ያሳርፋል። እኔ ደግሞ ከዚህ እጅ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

መሣሪያው የሟች መምህሬ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«ልል ክር እንዳታደርግበት።»

ክር ከገመድ የማይለዩ ሴት! ምን አገባቸው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነገሩን ሳሰላስል ከረምኩ። መልሰው ሊወስዱት ሰበብ እየፈለጉ ይሆናል አልኩ።

የመጀመሪያውን ቀየርኩ። ምንም የለም።

ሁለተኛውን ስፈታ... ከሆዱ ውስጥ እፎይ የሚል ዓይነት ድምፅ ወጣ።

እንጨት ነው፣ ሲላላ ይንቋቋል ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

ሦስተኛው... አራተኛው። ስሞክረው እጄን አላመመኝም! ላለቅስ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቃኝቼ ጨርሼ ደግሜ ስመታው ግን ቅኝቱ ከፍ ብሏል።

አዲስ ክር እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት። እንደገና ከፍ አለ... መቃኛው ንቅንቅ ሳይል።

ደወልኩላቸው።

«እትዬ... ክሩን ቀየርኩት።»

በሹክሹክታ፣ «ስንቱን?»

«አራቱንም።»

«ባለቤቴ ሰላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጣቱ እስኪጣመም በጠንካራ ክር የተጫወተው ልሉን አጥቶት ይመስልሃል?»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ለእኔም አልነገረኝ... ሆዱን በእጅህ ተጫነው። መጣሁ ልጄ። እንዳትለቀው!»

የስልኬን መብራት ከክሮቹ ጎን ባለው ቀዳዳ አስገባሁ። የዚህ መሣሪያ የሆድ ክዳን ክሮቹ ቁልቁል ሲጫኑት እንዳይሰምጥ ከስር ደግፋ የምታቆመው አንዲት አጭር ዱላ አለች።

ወድቃለች።

ዛሬ አይደለም የወደቀችው። የስንት ዓመት አቧራ ለብሳለች።

ክዳኑ ግን አልሰመጠም... ወደ ላይ አብጦ ክሮቹን ወጥሯል።

ስልኩን በቀኜ እንደያዝኩ በግራ እጄ ተጫንኩት።

ይኸው ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። እትዬ አልደረሱም፤ ስልካቸውም አይነሳም። ከሰው ጋር ካላወራሁ ላብድ ስለሆነ ነው ለእናንተ የምጽፈው፣ በአንድ እጄ። ያ ላድነው የለፋሁለት ግራ እጄ ደንዝዟል። ላነሳው ግን አልደፍርም።

ምክንያቱም ከእንጨቱ ስር፣ ልክ በአምስቱ ጣቶቼ ትይዩ... አምስት ነገር ወደ ላይ እየገፋ ነው።