የጉድጓድ ውሃ ሻይ

እንደሻው የሞተው በአሰላ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውሃ ሲመረምር በኖረበት ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። አጠገቡ በግማሽ የተጠጣ የሻይ ፔርሙስ ተገኘ። ሐኪሙ «የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ በሻይ የወሰደው» አለ። የነቀዝ መድኃኒት ደግሞ በአርሲ ስንዴ ያስቀመጠ ቤት ሁሉ ያለው ነገር ነው።

ወሬው ከማጣሪያ ጣቢያው ወርዶ አሰላ ገበያ ሳይደርስ ገዳይዋ ተገኘች፤ ሚስቱ ሐመልማል። በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ሁልጊዜ ሻይ አፍልታ የምትሞላለትም እሷ ናት። ሰው ለመፍረድ ከዚህ በላይ መቼ ጠይቆ ያውቃል? ሰኞ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ታሰረች።

ኢንስፔክተር አልጣሽ ጡረታ ሊወጡ ዓመት የቀራቸው፣ ችኮላ የሚያናድዳቸው ሴት ናቸው። ከፔርሙሱ የተረፈውን በብርጭቆ ቀድተው ብርሃን ላይ ያዙት። ሻዩ ጠቁሯል፤ ላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ጋግሯል። በማንኪያ ሲነኩት ተሰነጣጠቀ። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት በዴራ ተወልደው ስላደጉ እንዲህ ያለ ሻይ ብዙ ጠጥተዋል፤ አሰላ ከመጡ ወዲህ ግን አላዩም።

መጀመሪያ ሐመልማልን ጠየቋት።

«ያን ቀን ሻይ አፍልተሽለታል?»

«አላፈላሁም። አኩርፌ ተኝቼ ነበር። ባዶ ፔርሙሱን ይዞ ወጣ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በእህቴ በአሰፋሽ። እሷ ቤት መመላለሱ በዛብኝ።» አንገቷን ደፋች። «አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እስር ቤት ምግብ የምታመላልስልኝ እሷው ናት።»

አልጣሽ የሐመልማልን ማንቆርቆሪያ አዩ፤ ውስጡ ምንም ሳይጋግርበት ያብረቀርቃል። ከዚያ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ወጡ። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ሌዊ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ሳይጠየቅ ተናዘዘ።

«የክፍል ኃላፊነቱን ለእሱ ሲሰጡት ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። ቀንቻለሁ፤ አልገደልኩም።»

«ሻይ የምታፈሉት በምን ውሃ ነው?»

«ከወንዙ በምናጣራው። ለከተማው ቧንቧም የሚሄደው እሱ ነው። ለስላሳ ውሃ ነው፤ ሳሙና ገና ሲነካው አረፋ ይሆናል።»

የአሰፋሽ ቤት ከሐመልማል ቤት ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ታላቅ እህት ናት፤ ሳታገባ ብቻዋን ትኖራለች። አልጣሽን በክብር አስገብታ ሻይ አቀረበች። ሻዩ ቀይ፣ ጥርት ያለ ነበር። ኢንስፔክተሯ ብርጭቆውን አዙረው አዩና ቅር አላቸው፤ የጠበቁት ይህን አልነበረም።

«ጓሮ ያለው ጉድጓድ አይደለም እንዴ?»

«ነው፤ ግን ለልብስና ለከብት ነው። የሳሙና አረፋ እንኳ አያስነሳም። ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ የሻዩን በበርሜል አጠራቅማለሁ። ለሰው የጉድጓድ ውሃ አላቀርብም።»

«እንደሻውን ከመቼ ጀምሮ ታውቂዋለሽ?»

«መጀመሪያ የኔ ተከራይ ነበር።» ፈገግ አለች። «ለእህቴ ያስተዋወቅኩት እኔ ነኝ።»

ፈገግታው ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቆየ። አልጣሽ ከጉድጓዱ አንድ ጀሪካን ውሃ ለመኑና ሄዱ።

ቅዳሜ ረፋድ ሁሉንም እንደሻው በሞተበት ክፍል ሰበሰቡ፤ ሐመልማልም በፖሊስ ታጅባ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አራት ብርጭቆ ሻይ ተደርድሯል።

«ሦስቱን ዛሬ ጠዋት በአንድ ማንቆርቆሪያ፣ በአንድ ዓይነት ቅጠል አፈላኋቸው» አሉ አልጣሽ። «አንደኛው በጣቢያው ውሃ፣ ሁለተኛው ሐመልማል በበርሜል ባጠራቀመችው የቧንቧ ውሃ፣ ሦስተኛው በአሰፋሽ ጉድጓድ ውሃ ነው። አራተኛው የሟቹ ነው። ሌዊ፣ ምን ታያለህ?»

ሌዊ ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁለቱ ጥርት ብለዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ጠቁረው ቅርፊት ይዘዋል። ጠጣር ውሃ ነው፤ ኖራ የመሰለ ነገር የበዛበት።»

«ቅርፊቱ ከመድኃኒቱ ቢሆንስ?» አለች አሰፋሽ።

«መድኃኒቱን በወንዙ ውሃ በፈላ ሻይ ላይ ጨምሬ ሞከርኩት፤ አልጋገረም። እንግዲህ ሻዩ እዚህ አልፈላም፣ ሐመልማልም ቤት አልፈላም። እንደሻው ባዶ ፔርሙስ ይዞ ወጣ፤ ሙሉ ይዞ ደረሰ። በመንገዱ ላይ ጉድጓድ ያለው አንድ ቤት ነው፤ ግቢውም በቁልፍ ስለሚዘጋ ሌላ ሰው አይቀዳበትም። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነበር፤ በርሜል ሙሉ የቧንቧ ውሃ እያለሽ፣ ለእኔ እንኳ በእሱ ካፈላሽ፣ ለእሱ ለምን ከጉድጓዱ ቀዳሽ?»

አሰፋሽ ወደ እህቷ ዞረች።

«ሰባት ዓመት በቧንቧ ውሃ አፍልቼለታለሁ» አለች። «ለሚሞት ሰው ጥሩውን ውሃ ማባከን አልፈለግሁም።»

ሌዊ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። አሰፋሽ ግን የምትናገረው ለእህቷ ነበር።

«ተጣልቶ መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ አይደለሁ ቀድሜ ያወቅኩት? እሱ ግን ሳቀብኝ። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ የጠላችው መመላለሴን ነው። ማታ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ከእንግዲህ እዚህ አልመጣም› አለኝ። ሻይ እየጠበቀ፣ እቤቴ ቁጭ ብሎ።»

ሐመልማል ከታሰረች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር።

«እንደዚያ ብሎ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ብሎ ነበር» አለች አሰፋሽ።

ሐመልማል የባሏ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፖሊሱ ሊያነሳት ሲጠጋ አልጣሽ በእጃቸው ከለከሉት፤ አሰፋሽን ይዘው ወጡ።