ከፊት የተሸከመው

የምጽፈው ነገር በእውነት የሆነ ነው። አትመኑኝም ይሆናል... አልፈርድባችሁም። ስሜን ግን አልናገርም። አፍራለሁ።

ነገሩ ሲሆን ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ነበር። ተራራው ጉም ለብሷል።

እኛ ሁናን በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ተራራ ላይ ወዳለ ቤተ መቅደስ ዕቃ የምንሸከም ሰዎች ነን። ሸክሙ ቀርከሃ መሃል በገመድ ይንጠለጠላል፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ታላቅ ከፊት፣ ታናሽ ከኋላ። ልማዳችን ነው። ደረጃው ሽቅብ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል።

ገመዱን የሚያየው ደግሞ የኋላው ብቻ ነው።

ሦስት ዓመት ከአጎቴ ታንግ ጋር ሠራሁ። አጎቴ የምላቸው በአክብሮት ነው እንጂ አንዛመድም።

ባረፍን ቁጥር፣ ሸክሙ ለእኔ እንዲቀለኝ፣ ገመዱን ወደ እሳቸው እገፋው ነበር።

አንድ ጣት ያህል ብቻ...

እሳቸው አላወቁም። ሰውነታቸው ግን አወቀ። ግራ ትከሻቸው ተሰቀለ። ቀኝ ዳሌያቸው ወደ ውጭ ወጣ። ማጅራታቸው ላይ ጡጫ የሚያህል ሥጋ በቀለ።

ወጌሻው፣ «አንዱ ጎን ሲደክም ሌላው ይደርስለታል። የሚደርስለት ያጣ ቀን ነው ጉዱ» አሏቸው።

ሻይ ሻጯ እትዬ ሮንግ ትቀልድባቸው ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም እንደ ሸርጣን በጎን ነው የምትወጣው?»

«ቀጥ ብዬ ከሄድኩማ አንቺ እንቅልፍ የለሽም!»

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በብርዱ ወራት ወገባቸው ታሰረ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

በቦታቸው ልጃቸው ሊፌንግ መጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ከፊት ሆነ።

ያን ቀን ሁለት ጆንያ ሩዝ ይዘን እትዬ ሮንግ ዘንድ አረፍን። ቀርከሃውን ባላ ላይ አጋደምነው። ሊፌንግ ሻዩን ይዞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እንዲያው... አባቴን እንደዚያ ያጣመማቸው ምንድን ነው?»

ከቤት የወጣሁት ልነግረው ቆርጬ ነበር።

«እርጅና ነው» አልኩት።

«እርጅናማ ሁሉም ያረጃል።»

ፊቴ ጋለ። አንገቴን ደፍቼ ከቀርከሃው ሥር ገባሁ።

«በል እንሂድ።»

የፊቱ ጫፍ ተነሳ። ወጣን...

ሃያ ደረጃ። አርባ።

በጉሙ ውስጥ የሚታየኝ ጀርባ ብቻ ነው። እርምጃው ግን... ወደ ጎን ነበር።

«ወንድም ጋሼ?»

ጀርባው በጎን መውጣቱን ቀጠለ።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እርጅና አይደለም» አልኩ በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ። ገመዱን ወደ እሳቸው እየገፋሁ... ያጣመምኳቸው እኔ ነኝ።»

ያኔ ከታች፣ ከሩቅ፣ ጩኸት ሰማሁ።

«አንተ! ሻዬን ሳልጨርስ ጥለኸኝ የት ነው?»

የሊፌንግ ድምፅ ነው።

ለመቆም ሞከርኩ። ቀርከሃው አልቆመም። እግሮቼ ተከትለውት ወጡ።

ሁለቱ ጆንያ ከፊቴ፣ ወደ ፊተኛው ጫፍ ተጠግተው ይወዛወዛሉ...

ትከሻዬ ላይ ግን የላባ ያህል እንኳ ክብደት አልነበረም።