ገብረ ጉንዳን የተሻገረው ቦይ

«መጀመሪያዋን ቁረጫት በቃ!» አለች ሶረቲ፣ ስልኩን ከባህሪያ እጅ ልትነጥቅ እየቃጣት። «እጅሽ የሚታይበትን ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለው እሳት ነው።»

እውነቷን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቪዲዮ እሳት ነበር። ገብረ ጉንዳኖቹ በሰልፍ መጥተው የትንሽ ቦይ አፋፍ ላይ ይደርሳሉ። ዓይን የሚባል ነገር የላቸውም፤ መንገድ የሚያውቁት በማሽተትና በመዳሰስ ነው። የፊተኛዋ እግሯን ዘርግታ ትንጠለጠላለች። ሌላዋ እሷን ትይዛለች፣ ሌላዋ ያቺን፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ ከገዛ አካላቸው ድልድይ ይሠራሉ። የቀሩት በእህቶቻቸው ጀርባ ላይ እየረገጡ ይሻገራሉ። መንጋጋቸው የገዘፈው ወታደሮች ደግሞ ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቃሉ።

የባዮሎጂ መምህራቸው ቲቸር ፍሬአብ ይህን ሲያይ፣ «ኧረ እናንተ ልጆች! ይሄን እዚሁ አጋሮ ነው የቀረጻችሁት?» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አስጨብጭቦላቸዋል። ነገ ጠዋት ጅማ ሄደው ከየከተማው በመጡ ተማሪዎች ፊት የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። ሶረቲማ ጸጉሯን ሁሉ ተሠርታ ጨርሳለች።

ችግሩ የቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ነው። እዚያ ላይ የባህሪያ እጅ በቡና ቅርንጫፍ አመድ ሲጠርግ ይታያል።

አመዱ የነበረው የባህሪያ አባት የአቶ ቲጃኒ የንብ ቀፎ የቆመበት እግር ዙሪያ፣ በተቆፈረችው ቦይ ውስጥ ነው። በአካባቢው ቀፎ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ገብረ ጉንዳን አመድ አይደፍርም። ያን ቀንም ሰልፉ እዚያ ደርሶ ዞሮ መመለስ ጀመረ። ሁለቱ ልጆች በሸቁ። ዞሮ የሚመለስ ጉንዳን ማን ያያል? «ትንሽ ጠርገን፣ ቀርጸን፣ መልሰን እንነሰንሰዋለን» ተባባሉ። ጠረጉ፤ ቀረጹ። ሊመልሱት ሲሉ ዝናቡ ዱብ አለ። ስልኩ እንዳይበሰብስ በሩጫ ቤት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን ደጋግመው ሲያዩ አመዱ ከነጭራሹ ተረሳ።

ጠዋት ቀፎው ጭር ብሎ ነበር። ንቦች የማይችሉት ጠላት ሲመጣባቸው ሆዳቸውን በማር ሞልተው፣ ንግሥታቸውን ይዘው፣ እንቁላልና እጫቸውን ጥለው ይኮበልላሉ። ጨካኞች አይደሉም፤ ሁሉም ከሚያልቅ የተወሰነው ይትረፍ ብለው ነው። የጣሉትን ገብረ ጉንዳን ጠራርጎ በልቶታል።

አቶ ቲጃኒ የተራቆተውን ቀፎ እያዩ፣ «ላ ሐውለ! አመዱ የታለ?» ብለው ጮኹ። ባህሪያ አፏን ልትከፍት ስትል ሶረቲ ቀደመቻት።

«ትናንት በዚህ ስናልፍም አመድ አልነበረም፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ባህሪያ ዝም አለች። ዝም ማለት ደግሞ ያን ያህል ቀላል ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አመዱን የሚነሰንሱት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ቤታቸው ከእነ ባህሪያ የቡና ማሳ አጠገብ ነው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባህሪያ ሳትወለድ ጀምሮ የእነሱን ቀፎ ሲጠብቁ ኖረዋል። አቶ ቲጃኒ አስጠርተው፣ «አደራ ብዬዎት!» ሲሏቸው ሽማግሌው አልተከራከሩም። ቦዩን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሄዱ።

አሁን የአባቷ ድምፅ ከጓሮ መጣ። «ባህሪያ! ኦቦ ገመቹ ጋ ሂጂና የንብ ልብሱን ተቀብለሽ ነይ። ከእንግዲህ ቀፎውን ወንድምሽ አብደላ ነው የሚይዘው።»

ባህሪያ ሶረቲን አየቻት። «ሰማሽ? ሥራቸውን እኮ አጡ።»

«አርጅተዋል ባክሽ። ዛሬ ባይሆን ነገ መተዋቸው አይቀርም ነበር። አታካብጂ!» ሶረቲ ስልኩን ወሰደች። «ሂጂና ቶሎ ነይ፤ እኔ እቆርጠዋለሁ። እዚያ ደግሞ እንዳትዘባርቂ።»

ኦቦ ገመቹ ልብሱን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ ጓንቱን ከላዩ አድርገው ይጠብቋት ነበር። «ነይ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ሁልጊዜ ልጄ የሚሏት በኦሮምኛ ነው። ቤቱ ግማሽ ባዶ ሆኗል። ፍራሹ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ በግርግዳው ጥግ የታሠሩ ጓዞች ተደርድረዋል።

«የት ሊሄዱ ነው?» አለች ባህሪያ።

«ሊሙ ገነት፣ ልጄ ዘንድ። ነይና ውሰጂኝ ብዬ ደወልኩላት።» በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ስንት ጊዜ ለምናኝ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ፈራሁ። አመዱን እኮ ነስንሻለሁ ብዬ ነው የማስበው። ከምድጃ ስዝቅ፣ በጣሳ ይዤ ስሄድ፣ ጎንበስ ብዬ ሳፈስ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ለካ የለም! አልነበረም ያላችሁት እናንተ ደግሞ ለምን ትዋሻላችሁ? ዛሬ ያላደረግሁትን አደረግሁ ያለ ጭንቅላት፣ ነገ እሳት ሳያጠፋ ቢተኛስ?»

ባህሪያ ልብሱን ታቅፋ ቆመች። አፈረች፤ ከእፍረቱ የባሰው ግን ፍርሃቷ ነበር። ብትናገር ጅማ ቀረ። ቲቸር ፍሬአብ ያን ጭብጨባ መልሶ የሚወስደው መሰላት። አባቷ ምን እንደሚሉ አላህ ይወቀው። ሶረቲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከእሷ ሌላ ከማንም ጋር ተቀምጣ አታውቅም፤ ከዛሬ በኋላ ግን ዞር ብላም አታያትም። ይህን ሁሉ አሰበችና «ደህና ይዋሉ» ብላ በሩ ድረስ ሄደች።

በሩ ላይ እግሯ እምቢ አላት።

«ኦቦ ገመቹ፣ ነስንሰውት ነበር።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ማል ጄቴ? ምን አልሽ?»

«አመዱን። ነስንሰውት ነበር። የጠረግሁት እኔ ነኝ። ለቪዲዮ ብለን። ዝናብ መጣና ሳንመልሰው ሮጥን፣ ከዚያ ዋሸን።» አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች።

ቁጣ አልመጣም። ኦቦ ገመቹ ቀፎውንም፣ ንቦቹንም፣ ውሸቱንም አላነሱም።

«ነስንሼ ነበር?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«በደንብ?»

«ቦዩ አፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነበር። እኔ ራሴ እኮ ጠርጌ ጠርጌ ደክሞኝ ነበር።»

«አፍ እስከ ገደፉ!» አሉና በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አለቀሱ። ይሳቁ ያልቅሱ መጀመሪያ ላይ አልለየላትም ነበር። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ እንዲህ ቅርብ ሆና አይታ አታውቅም፤ መሄድም መቆምም አቃታት።

ከዚያ የንብ ልብሱን በርጩማው አጠገብ መልሳ አስቀመጠችው።

«ለልጅዎ አሁኑኑ ይደውሉላት» አለች። «እንዳትመጣ ይበሏት። እኔ አባቴን ይዤው እመጣለሁ።»