ካርታው አልመጣም

«ዕዳው አለቀ አልኩሽ እኮ፤ ስንቴ ልንገርሽ?» አሉ ጋሼ ሙሐሲን አዲሱን ሞተራቸውን እየወለወሉ።

ኢልሀም አልተዋጠላትም። እናቷ ፈርሂያ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ብር ለወንድሟ ለጋሼ ሙሐሲን ከላከች ሦስት ወር አለፈ። የቤቱን ብድር ጊዜው ሳይደርስ ጠቅልለው እንዲከፍሉላት ነበር፤ ከረመዳን በፊት ከወለድ ልውጣ ብላ። መያዣ የተሰጠው የቤቱ ካርታ ግን ባንክ እንደሄደ ቀረ።

«የጎረቤቶቻችን የእነ አለምነው ካርታ ዕዳቸውን በጨረሱ ሳምንት ነው የመጣው» አለች።

«አብሽሪ፣ ይመጣል። ሲወስዱት እዚህ ድረስ መጥተው፣ ቤቱን ለክተው ነው። ሲመልሱም ይምጡ። እኔ ደጅ አልጠናም።»

ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ለትህትና ስትነግራት ትህትና ሳቀች። «ካርታችሁማ ሞተር ሆኖ ወግዲ ገበያ ደርሶ ይመለሳል።»

ኢልሀም ሳቅ አልመጣላትም። ሞተሩ የተገዛው በዚያው ወር ነው። በሬ ሸጬ ነው ብለዋል፤ የተሸጠውን በሬ ያየ ግን የለም።

ማታ እናቷ ደወለች። «ባንክ ደውሎልኝ ነበር። ሦስት ወር አልከፈልሽም፣ በዚሁ ከቀጠለ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል አሉኝ። ሄደሽ አጣሪልኝ። ለአጎትሽ እንዳትነግሪው። በልቶት ከሆነ፣ ወላሂ ወንድም የለኝም።»

ባንክ ብትሄድ አላናገሯትም። «የሰው ሂሳብ ለልጅ አንነግርም። ወኪሉ ይምጣ።» ወኪሉ ጋሼ ሙሐሲን ናቸው።

አሰበች። ከዚያ እቤታቸው ሄዳ፣ «ከባንክ ደውለው ካርታውን ውሰዱ ብለዋል» አለቻቸው። እምቢ ካሉ ነገሩ ለየለት። ፊታቸውን እያየች ጠበቀች።

ጋሼ ሙሐሲን ግን የዒድ ኮታቸውን ለብሰው አብረዋት ወጡ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ «የእህቴን ካርታ ልቀበል ነው» ይሉ ነበር። ኢልሀም ይህንንም አላመነችም። ሌባም ኮት ይለብሳል።

ባንክ ሲደርሱ የብድር ሠራተኛዋ ብርሀንነሽ ኮምፒውተሩን አይታ ቀና አለች። «ብሩ አለ። ግን ያስገቡት የወይዘሮ ፈርሂያ ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ነው። ብድሩ ተጠቅልሎ ይዘጋ ብሎ ያመለከተ የለም።»

«ብሩ እናንተው ጋ አይደል?» አሉ ጋሼ ሙሐሲን።

«እኛ ጋ ነው፤ ዕዳውም እኛ ጋ ነው። ካላመለከቱ ከቁጠባው አንስተን ዕዳ አንዘጋም። ወርሃዊውም ስላልተከፈለ ቅጣት ተጨምሯል። አሁን ካመለከቱ ግን ይዘጋል፤ ካርታውም ይመለሳል። የቁጠባ ሂሳቡ አብሮ አይዘጋም፤ እሱ ሌላ ነው።»

ጋሼ ሙሐሲን ማመልከቻው ላይ ፈረሙ። ከባንኩ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ።

«እኔ ደንቆሮ፣ ገንዘቡን ሲያገኙ ራሳቸው የሚዘጉት መስሎኝ። ቆይ ግን ኢልሀም፣ ካርታውን ውሰዱ ብሎ የደወለው ማነው?»

ተሳስተው ይሆናል ማለት ትችል ነበር። ባንክም ይሳሳታል። እሳቸውም ያምኗታል፤ እዚህ ድረስ የመጡትም አምነዋት ነው።

«ማንም አልደወለም ጋሼ። ብሩን በልተውታል ብዬ ነው ያመጣሁዎት።»

የኮታቸውን ቁልፎች ፈቱ። «እናትሽም እንዲያ መስሏት ነበር?»

ኢልሀም ዓይኗን ከዓይናቸው አላነሳችም።

«የለም» አለች። «እኔ ብቻ ነኝ።»