ዳገት ለየብቻ

የቫልዴሮንካ መንደር ከንቲባ ጉመርሲንዶ አርናል በጥቅምት ወር ሁለተኛው እሑድ ሞተ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተደግፈው የቆሙ ብስክሌቶችን ያየ ሰው የለም።

አስከሬኑን ያገኘው የአንድ ጅግራ አዳኝ ውሻ ነው። መንገዱ ወደ ሳን ሂኔስ ተራራ አናት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጉመርሲንዶ አናቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካለው ጠመዝማዛ ላይ፣ ከዝቅተኛው የድንጋይ አጥር ማዶ፣ አንገቱ ተሰብሮ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ብስክሌቱም ከጎኑ ወድቋል። ለአካባቢው ፖሊሶች ነገሩ ግልጽ መሰላቸው፦ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ቁልቁለት፣ ነፋስ። ሟቹ ከንቲባ ባይሆን ኖሮ ሳጅን ቪሲታሲዮን ላካሳ ከአውራጃው ከተማ ባልተጠራች ነበር።

ሳጅን ላካሳ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ስለዚህም ያየችውን ሁሉ እንደ አዲስ ነገር አየችው። ወደ ገደሉ ወርዳ ከብስክሌቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ የብስክሌቱ ካቴና ከኋላ ካሉት ባለ ጥርስ ክቦች በትልቁ ላይ መሆኑን ልብ አለች። የሟቹ ማሊያ ዚፕ እስከ አንገቱ ተዘግቷል። ከማሊያው ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ አንድ ሉክ ጋዜጣ ተዘርግቷል። አስከሬኑን ሲያገላብጡት ደግሞ በጀርባ ኪሱ ውስጥ በአራት የታጠፈ ሌላ ሉክ ተገኘ። ሁለቱንም ፎቶ አስነሣች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ዶን ኤላዲዮን ነበር። ዶን ኤላዲዮ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የመንደሩ መምህር ነበሩ፤ የእሑዱን ጉዞ የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። እንደነገሯት ከሆነ አራቱ ጓደኞች ሁልጊዜ ከአደባባዩ አብረው ይነሣሉ። ዶን ኤላዲዮ የትናንቱን ጋዜጣ ቀደው ለእያንዳንዱ አንዳንድ ሉክ ያድላሉ፤ ሁሉም በጀርባ ኪሱ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፦ ዳገት ለየብቻ፣ ቁልቁለት በጋራ። ሁሉም በየአቅሙ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ካለው ጸሎት ቤት ይጠባበቃሉ፤ ጋዜጣውን ከማሊያቸው ሥር አድርገው በወዲያኛው በኩል በግንብ ወደተከበበችው ወደ አልባሮሳ ከተማ ምሳ ሊበሉ ይወርዳሉ። በዚያ እሑድ ግን እሳቸው እንደ ልማዳቸው መጨረሻ ቢደርሱ፣ ጸሎት ቤቱ ጋ ማንም አልነበረም።

«ጋዜጣው ለምንድን ነው?» አለች ሳጅን ላካሳ።

«ልጄ፣ ላብሽ ሳይደርቅ ቁልቁል ከወረድሽ ነፋሱ አጥንትሽን ዘልቆ ነው የሚገባው። ጋዜጣ እውነት መናገር ቢያቅተውም ብርድ ይከላከላል።»

«ሁለት ሉክ የሚወስድ አለ?»

«በእኔ ክፍል ስስት አይፈቀድም።»

የራሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት፤ በላብ ርሶ ተጨማዶ ደርቋል። ሌላም ነገር አልሸሸጓትም። አንድ የድንጋይ ኩባንያ ከተራራው ድንጋይ ለማውጣት ይፈልጋል፤ ለዚህም አሮጌው መንገድ ሰፍቶ ለከባድ መኪና እንዲከፈት ለመንደሩ ምክር ቤት ጥያቄ አቅርቧል። ምክር ቤቱ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ከንቲባው ጉመርሲንዶ፣ ምክትሉና ታናሽ ወንድሙ ብራውሊዮ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ኦብዱሊያ። በየእሑዱ ከዶን ኤላዲዮ ጋር የሚነዱትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። የሚፈርመው ከንቲባው ነው፤ እሱ ከሌለ ምክትሉ። የኩባንያው ሰዎች ረቡዕ ይመጣሉ። ጉመርሲንዶ ግን እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም ብሏል። የውጭ አገር ብስክሌተኞች እስከዚያ ድረስ የሚመጡት ለመንገዱ ጸጥታ ነው፤ ከጸጥታ በቀር የሚሸጥ ነገር የለንም ይል ነበር።

«እርስዎስ?» አለች።

«የአባቴ መሬት ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋይ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግን ለዚህ ብዬ ተማሪዬን ገደል አልከትም፤ ማባዛት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ኦብዱሊያ ስታስተናግዳት ወንበር ሳበችላት እንጂ ራሷ አልተቀመጠችም። ከአራቱ ቀድማ አናቱ ላይ የደረሰች እሷ መሆኗን አመነች። ባልደረቦቿን ያልጠበቀችው ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ነው አለች። ጋዜጣዋንም ምድጃ አንድዳበታለች። ሳጅን ላካሳ መነጽሯን አውልቃ በዝግታ መጥረግ ያዘች። ጠርጋ ሳትጨርስ ኦብዱሊያ ራሷ ቀጠለች።

«አልባሮሳ ካለው የአረጋውያን ቤት ነበር የሄድኩት። እዚያ ያሉትን መነኩሲት ምግብ አብሳይ ይፈልጉ እንደሆነ ልጠይቃቸው። ጉመርሲንዶ እንዲሰማ አልፈለግኩም። ለእንግዶቼ ሲል ከሰው ሁሉ ተጣላ፤ እንግዶቹ ግን የሉም። ከፋሲካ ወዲህ አልጋ የማነጥፈው አንሶላው እንዳይሻግት ብዬ ነው።»

መነኩሲቷ ምን እንዳሏት ሳጅኗ ጠየቀች። ቦታ አለ ብለዋታል። ከዚያ ወጥታ ምሳ ወደሚበሉበት ቤት ስትሄድ ብራውሊዮ ቀድሟት ምድጃው ሥር ተኮራምቶ አገኘችው። የሾርባውን ሳህን በሁለት እጁ ታቅፎ ማንኪያ ማንሣት አቅቶታል። «ሙሽራ ይመስል ምን ያንቀጠቅጥሃል?» ብላ ተሳለቀችበት፤ አልሳቀም። ወንድሙ የት እንዳለ ስትጠይቀው ከአናቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ አላት።

ብራውሊዮ ለሳጅን ላካሳም የነገራት ይህንኑ ነው። ከወንድሙ ጋር ጸሎት ቤቱ ጋ እኩል ደረሱ፤ ጉመርሲንዶ ጋዜጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ዚፑን ከዘጋ በኋላ ልቤን ደከመኝ ብሎ ወደ መንደሩ ቁልቁል ተመለሰ። የራሱን ጋዜጣ አልባሮሳ ውስጥ ጥሎታል። ይህን ሲናገር እንባው ፈሰሰ፤ ሳጅን ላካሳም እንባው እውነተኛ መሆኑን አልተጠራጠረችም።

ጉመርሲንዶ ማክሰኞ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ሦስቱ በኦብዱሊያ የምግብ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛዎቹ ብዙ ስለነበሩ ሰዎቹ ከቁጥራቸው በታች መሰሉ። ሳጅን ላካሳ ቆማ ተናገረች።

«ዶን ኤላዲዮ፣ ካቴናውን ከኋላ ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ላይ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አለ?»

«የለም። እግሩ በባዶ ይሽከረከራል። እሱ የዳገት ማርሽ ነው።»

«እንግዲያው ሟቹ ወደ ገደሉ የገባው እየወጣ ሳለ ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም። ቢወድቅ ጉልበቱ ይላጣል እንጂ አጥር አይዘልም። ያሻገረው ሌላ እጅ አለ ማለት ነው።»

ዶን ኤላዲዮ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ያ እጅ ነገሩን የቁልቁለት አደጋ ለማስመሰል ፈለገ፤ በመሆኑም ዚፑን ዘጋ፤ ደረቱም ላይ ጋዜጣ አደረገ። ነገር ግን የሟቹ የራሱ ጋዜጣ በጀርባ ኪሱ እንደታጠፈ ነበር። አንዳንድ ሉክ ከታደለ፣ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሉክ እንዴት ይገኛል?»

«ሌላው ሰው የራሱን ከሰጠው» አሉ ዶን ኤላዲዮ በቀስታ፣ መልሱን ማወቅ እንደማይፈልግ ተማሪ።

«ሰጪው እንግዲህ ያለ ጋዜጣ ወርዷል። የእርስዎ ሉክ አለ። ኦብዱሊያ የእሷን አቃጥላዋለች፤ ሆኖም መነኩሲቷ አስታውሰዋል። ሥራ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ከደረቷ ጋዜጣ ስትመዝዝ አይተው ስቀዋል። በዚያ ቀን ምድጃ ሥር ሲንቀጠቀጥ የታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ ጸሎት ቤቱ ድረስ ወጥቶ ነበር፣ ጋዜጣውንም ከኪሱ አውጥቶ ለበሰ ያለውም ያው ሰው ብቻ ነው። ያልወጣውን ወጣ፣ ያላወጣውን አወጣ አለን።»

ብራውሊዮ አልተነሣም፤ አልካደም። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ትንፋሽ ሊወስድ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ቆመ። እኔም ከብስክሌቴ ወረድኩ። ፈርምልኝ አልኩት። የድንጋይ ካባው ከተከፈተ ልጄ ከከተማ ይመለሳል፤ ሥራ ካለ ይመለሳል። ትሰማኛለህ ወይ አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‘እንግዳ ሆኖ ይምጣ፣ አልጋ ሞልቷል’ አለኝ። የገዛ አባቱ ቤት እያለ። ገፋሁት። ከአጥሩ ማዶ እስኪወርድ ድረስ የገፋሁት መሆኔን አላወቅኩም።»

«ከኪሱ ያለውን ጋዜጣ ለምን አልወሰዱም?» አለች ሳጅን ላካሳ።

«ተኝቶበት ነበር። ላገላብጠው ይገባ ነበር። አልቻልኩም፣ ወንድሜ ነው።»

ሳጅን ላካሳ ኮቱን እንዲደርብ ነገረችው። ውጭ መኪናው ተነሣ። ያ ብቸኛ ድምፅ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ዶን ኤላዲዮ አስፋልቱን በመስኮት ሲመለከቱ ቆዩና፣ ከእንግዲህ ምክር ቤት የሚባለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ከሦስቱ የቀረችው ኦብዱሊያ ብቻ መሆኗን ሁለቱም ያውቁታል።

ኦብዱሊያ ማንም ያልነካቸውን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ወደ ማድቤት መለሰች። ተመልሳም በሩ ላይ ቆመች።

«ነገ የድንጋዩ ሰዎች ሲመጡ እኔ እፈርማለሁ» አለች።